የላኽዳር ጫማ

እናቴ ውሽማ የያዘች የመሰለኝ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። ማስረጃዬ ብዙ ነበር። ሰውየው ላኽዳር ይባላል፤ ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ጢሙን በየቀኑ ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ። በኅዳር አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት ትንሽ ሻንጣ ይዞ ቤታችን መጣ። በዚያው ሳምንት ዓርብ አባቴ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ይዞ ከቤታችን ወጣ። ሒሳብ የማይገባኝ ልጅ ነበርኩ፤ ይችን ግን ደመርኳት።

እናቴ ኦዲል ካርቱን ሠዓሊ ናት። ያኔ ሊሞዥ ከተማ ውስጥ በሳምንት አንዴ ለምትወጣ፣ ‹ቁንጫ› ለምትባል ባለ ስምንት ገጽ ጋዜጣ ነበር የምትሥለው። ቁንጫ ከንቲባውንም፣ ጳጳሱንም፣ ሁሌ የሚሸነፈውን የእግር ኳስ ቡድናችንንም እኩል ትነክስ ነበር። ከእኛ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ማዳም ብሩኔ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ከቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ አሮጊት ናቸው። ቁንጫ በወጣች ቁጥር እናቴን ደረጃ ላይ ጠብቀው ይይዟታል።

«ዛሬ ደግሞ ብፁዕነታቸውን አሳማ አደረግሻቸው አሉ!»

«አሳማ አይደለም ማዳም፣ ጉማሬ ነው።»

«ጉማሬ! ምነው እቴ፣ አሳማው በስንት ጣዕሙ!»

የተናደዱ ሰዎች የሚልኳቸውን ደብዳቤዎች እናቴ የሽንት ቤታችን በር ላይ በውስጥ በኩል ትለጥፋቸዋለች። ማንበብ የተለማመድኩት እዚያ ተቀምጬ ነው ቢባል ውሸት አይደለም። ‹ነፍስዎን እግዚአብሔር ይማር› የሚለውን፣ ‹እጅሽ ይቆረጥ› የሚለውን፣ ከንቲባው ‹በአክብሮት› ብለው የጀመሩትንና በስድብ የጨረሱትን ሁሉ በቃሌ አውቃቸው ነበር።

ጥቅምት ላይ አንድ ሥዕል ሣለች። ካርዲናል፣ ረቢና ኢማም አንዲት ትንሽ መኪና ውስጥ ተጣበው መሪውን ለሦስት ይዘው ይታገላሉ፤ መኪናዋ ወደ ገደል እየበረረች ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠች ጥርሰ ወላቃ ልጅ «ወራጅ አለ!» ትላለች። ጥርሰ ወላቃዋ እኔ ነኝ። ሥዕሉን ትምህርት ቤት ወስጄ ለክፍል ጓደኞቼ አሳይቼ ኮርቼበታለሁ።

ከዚያ ሥዕል በኋላ የመጡት ደብዳቤዎች ግን በሩ ላይ አልተለጠፉም። ይህን ያስተዋልኩት የማነበው አዲስ ነገር ስላጣሁ ነው።

አባቴ ዠርቬ ከተማችን ውስጥ በሚገኝ ፋብሪካ የፖርሴሊን ሳህኖች ጠርዝ ላይ ወርቅ የሚቀባ ባለሙያ ነበር። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ትንፋሹን ይዞ ቀጭኗን መስመር ባንድ ዙር ይገጥማታል። እኔ አባቴን እንደ ቅዱስ ነበር የማየው። ከቤት በወጣበት ሳምንት አንድ ምሽት በግድግዳው በኩል ድምፁን ሰማሁት።

«ምረጪ ኦዲል! ወይ እሱን ተዪ፣ ወይ እኔን!»

«አልተወውም።»

«ለሱ ብለሽ ቤታችንን?»

«አልተወውም አልኩህ ዠርቬ። ዛሬ እሱን ከተውኩ ነገ ምኑን ልይዝ ነው?»

አልጋዬ ላይ ተነስቼ ቁጭ አልኩ። ‹እሱ› ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም፤ ሳሎናችን ሶፋ ላይ ተቀምጦ የእግር ኳስ ውጤት እያየ ነበር። እነሱ የሚጨቃጨቁት ስለ ሥዕሉ መሆኑን፣ አባቴ ‹ይቅርታ ጠይቂና ይብቃ› እያላት መሆኑን የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። አባቴ በዚያ ሳምንት ፋብሪካ ውስጥ አሥራ አንድ ሳህን አበላሽቶ ነበር። እሱንም ያኔ አላወቅኩም።

ዓርብ ዕለት ሻንጣዎቹን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ፊቴ ተንበረከከ። «ሶሌን፣ ቦርዶ አክስትሽ ጋ ነው የምሄደው። አብረሽኝ ነይ።»

ላኽዳርን አየሁት። በሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ይሄ ሰው ከእናቴ ጋር ብቻውን እዚህ ሊቀር? «አልሄድም» አልኩ። «እኔ እማዬን እጠብቃታለሁ።»

እናቴ ይሄን ስትሰማ አንስታ አቀፈችኝ፣ አለቀሰች፣ አንገቴን በእንባ አራሰችው። ከዚያ በኋላ ለዘመድ ለወዳጅ «ልጄ እኮ በዘጠኝ ዓመቷ ከጎኔ ቆማለች» እያለች ስታወራ ኖራለች። እኔ የቆምኩት ላኽዳርን ልጠብቅ ነበር። ዛሬ የራሴ ልጅ አለችኝ፤ እናቴ ያን ቀን እምቢታዬን ለምን እንደተቀበለች አንዳንዴ እጠይቃታለሁ። ፖሊሶቹ ‹አያሰጋም› ብለዋት ነበር ትላለች። ሌላም ትላለች፤ ብቻዬን መሆን ፈራሁ ትላለች።

ላኽዳርን መሰለል ጀመርኩ። የምጠላበት ምክንያት በየቀኑ ይጨምራል። እናቴ የሄደችበት ሁሉ ይሄዳል፤ ጸጉር ቤት እንኳ። ከገበያ ስንመለስ እናቴ ድንቹንና ወተቱን በሁለት እጇ ተሸክማ ሦስት ፎቅ ስትወጣ እሱ ባዶ እጁን ከፊት ከፊቷ ይወጣል። አባቴ ቢሆን ኖሮ! ደብዳቤዎቿን ከሷ በፊት ይከፍታቸዋል፤ ቅናተኛ ነው ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ በረጅም ዘንግ የታሰረ መስታወት ከመኪናችን ስር ያስገባና ጎንበስ ብሎ ያያል። መንገድ ላይ ተደፍቶ መልኩን የሚያይ ወንድ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«ሙስዬ ላኽዳር፣ ቤትዎ መስታወት የለም?» አልኩት አንድ ቀን።

ሳቀ። «አለ እሜቴ። ግን እንደዚህኛው አያሳምርም።»

እሜቴ ይለኛል ደግሞ! ጥርሴን ነከስኩ።

መጀመሪያ መጀመሪያ እናቴና እሱ ‹እርስዎ› ነበር የሚባባሉት። ይሄ ትንሽ ያጽናናኝ ነበር። አንድ ምሽት ወጥ ቤት ውስጥ እናቴ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እሱ መስኮቱ አጠገብ ቆሟል፣ እኔ የቤት ሥራዬን የምሠራ መስዬ አዳምጣለሁ። ያቺ ጥቅምት የታተመችው ቁንጫ ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ላኽዳር አንስቶ ብዙ ቆየባት።

«እውነቱን ልንገርዎት?» አላት።

«ይንገሩኝ።»

«አያስቅም።»

የእናቴ ቢላዋ ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። «ምን?»

«ይሄ መኪናው። አያስቅም።»

«አልተቀየሙበትም? አያስቅም ብቻ?»

«መቀየሙንማ ተቀይሜያለሁ። ኢማሙ አጎቴን ቁርጥ ነው። እናቴ ብታየውማ እዚህ ድረስ መጥታ በመጥረጊያ ነው የምትልዎት። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። አያስቅም።»

«ስንት ሰው እገልሻለሁ ሲለኝ ቻልኩት» አለች እናቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ። «እዚህ ቤቴ ውስጥ፣ ሾርባዬን እየበላህ፣ አያስቅም ትለኛለህ? አንተ ማን ስለሆንክ ነው?»

እኔ የሰማሁት ‹አንተ› የሚለውን ብቻ ነው። እርሳሴ ከእጄ ወደቀ።

ላኽዳር ትከሻውን ነቀነቀ። «በሥዕል መናደድ መብቴ ነው። ተናደድኩ። ተናድጄ ምን አደረግኩ? ራቴን በልቼ ተኛሁ። በማግስቱ አለቃዬ ጠራኝና ‹ሂድ ጠብቃት› አለኝ፤ መጣሁ። ሳቅ ካልሽኝ ብቻ ነው የማልችለው።»

‹ካልሽኝ›! እሱም አንቺ አላት!

እናቴ በሳቅ ፈነዳች። ከሽንኩርቱ ይሁን ከሳቁ እንጃ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። አባቴ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ለዚህ ነው የበለጠ የጠላሁት።

ጥር ገባ። ብርዱ የመስኮቶቻችንን ጥግ በበረዶ ጠለፈው። እናቴ እንደየዓመቱ የነገሥታቱን ኬክ ገዝታ ማዳም ብሩኔንም ጋበዘቻቸው። ኬኩ ውስጥ አንዲት የጥፍር ያህል የፖርሴሊን ምስል ተደብቃለች፤ የደረሰችው ሰው የወረቀት ዘውድ ይደፋል፣ ንጉሥ ከሆነ ንግሥቱን ይመርጣል። ማዳላት እንዳይኖር የቤቱ ትንሽ ሰው ጠረጴዛ ስር ይገባና እያንዳንዱ ቁራሽ የማን እንደሆነ ከዚያ ይጠራል። የቤቱ ትንሽ ሰው እኔ ነኝ።

ጠረጴዛ ስር ያለው ዓለም የእግር ዓለም ነው። የማዳም ብሩኔ ያበጡ ቁርጭምጭሚቶች፣ የእናቴ ቀይ ካልሲ፣ የላኽዳር ወፍራም ሶል ያላቸው ጥቁር ጫማዎች። እናቴ ቢላዋውን እየፈለገች ሳለ ከላይ ወሬው ቀጠለ። አሮጊቷ ጆሯቸው ስለሚከብድ ሹክሹክታቸው የቤተ ክርስቲያን ስብከት ያህል ነው።

«ፈረምሽው ታዲያ?»

«ፈረምኩ። ትናንት።»

«ለስንት ጊዜ ነው?»

«ቢያንስ ለአንድ ዓመት። ከዚያ ይታደሳል።»

«ልጅቷስ ታውቃለች?»

«አልነገርኳትም ማዳም። ቀስ ብላ ትለምደዋለች ብዬ ነው።»

ከዚያ የላኽዳር ድምፅ፦ «መኝታ ቤትሽን ነገ አብረን እናየዋለን። አልጋውን ማዛወር አለብን። እዚያ ጋ አይሆንም።»

እናቴ የፈረመችው የጥበቃ ወረቀት ነበር፤ አልጋው የሚዛወረውም ግቢውን በሚያየው መስኮት ስር ስለነበር ነው። እኔ ግን ጠረጴዛው ስር ሆኜ ሰርጉን አየሁት። አበባውን፣ ኬኩን፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሻንጣዎቹን ይዞ የተቀመጠውን አባቴን ሳይቀር አየሁት።

«ይሄ ለማን ነው?» አለች እናቴ ከላይ።

«ለማንም!» ብዬ ጮህኩ።

ምስሏ ለላኽዳር ደረሰችው። ወርቃማ የወረቀት ዘውዱን በዚያ አጭር ጠጉሩ ላይ ደፍቶ በቀበቶው ሽጉጥ እንደታጠቀ ቁጭ አለ። «ንግሥቴን ልምረጥ እንግዲህ» አለና ተነስቶ ሁለተኛውን ዘውድ ማዳም ብሩኔ ራስ ላይ ደፋላቸው። አሮጊቷ እንደ ልጃገረድ ቀሉ። እኔ አልተሸወድኩም። እውነተኛውን ፍቅር ለመሸፈን መሆኑ ገብቶኝ ነበር።

ንግሥትነቱ ግን አሮጊቷን አላለዘባቸውም። በሳምንቱ በመጥረጊያቸው ጣሪያቸውን እያንኳኩ፣ ማለት ወለላችንን፣ ይጮሁ ጀመር። «ፈረስ ነው ላይ ቤት ያሰራችሁት? ሌሊቱን ሙሉ ኮቴ!» ላኽዳር ሳሎን ውስጥ መንጎራደድ ልማዱ ነበር። ወርዶ ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ላኽዳር ቤት ሲገባ ጫማውን አውልቆ በር ሥር ማስቀመጥ ጀመረ። ጠባቂ ጫማውን አያወልቅም፤ ደንቡ አይፈቅድም። ያወለቀው ለአሮጊቷ እንቅልፍ ሲል ነው። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ አባቴ ጫማውን የሚያስቀምጥባት ቦታ ላይ የሱ ጫማ።

ረቡዕ ከሰዓት ትምህርት የለም፤ እናቴም የሳምንቱን ሥዕል ይዛ ወደ ጋዜጣው ቢሮ የምትሄደው ረቡዕ ነው። እሱም አብሯት። ሀሳቤ ቀላል ነበር። ጫማ የሌለው ሰው መውጣት አይችልም፤ እናቴ ብቻዋን ትወጣለች፤ ብቻዋን ስትሄድ አባቴ ይናፍቃታል። ከምሳ በኋላ ላኽዳር ስልክ ሲያወራ ሁለቱንም ጫማ አነሳሁና የልብስ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ፣ ካደፉ አንሶላዎች መሀል ቀበርኳቸው።

«ኦዲል፣ ጫማዬን አይተሻል?»

«እግርህ ላይ የሉም?»

«እሜቴ፣ ጫማዬን አይተሻል?»

«የምን ጫማ?» አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

እናቴ ሰዓቷን አየች። «ማተሚያ ቤቱ ይዘጋብኛል። ደረጃው ላይ ነኝ፣ ማዳም ብሩኔን ሰላም ልበላቸው።»

«ያለእኔ እንዳትወርጂ!»

«አንድ ፎቅ ነው እኮ ላኽዳር! ወላሂ ከሳቸው በር አላልፍም።» ወላሂ ማለትን የተማረችው ከሱ ነው።

ወጣች። እሱ ሶፋው ስር ለማየት ተንበረከከ፤ እኔ በድል አድራጊነት ተከትያት ወጥቼ የደረጃው መደገፊያ ላይ ተንጠለጠልኩ። ከታች እናቴና ማዳም ብሩኔ በራቸው ላይ ቆመው ስለ አንድ ጳጳስ አፍንጫ ይከራከራሉ። አፍንጫው እንደዚያ ትልቅ አይደለም ይላሉ አሮጊቷ። ደረጃችን አሮጌ የእንጨት ደረጃ ነው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ በሰም ይወለወላል፤ ሽታው ይታወቀኛል እስከዛሬ።

ከምድር ቤት በኩል አንድ ወጣት እየወጣ መጣ። ሰማያዊ ጃኬት፣ ትከሻው ላይ የጨርቅ ቦርሳ። ፖስተኛ! ልቤ ዘለለ። አባቴ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ ጫማውን የደበቅኩ ቀን ደብዳቤው መጣ፤ ነገሩ ሁሉ ሊስተካከል ነው።

ወጣቱ ሁለተኛው ፎቅ ደርሶ ቆመ። ያለከልካል። «ወይዘሮ ኦዲል?» አለ በትሕትና።

እናቴ ዞረች። «አቤት?»

እጁን ወደ ቦርሳው ከተተ። «የሱስ ማርያም!» አሉ ማዳም ብሩኔ። እሳቸው ድመት ሲያዩም፣ ዝናብ ሲያዩም ‹የሱስ ማርያም› ነው የሚሉት፤ ምንም አልመሰለኝም። ላኽዳር ግን ከጀርባዬ እንደ ንፋስ አለፈኝ። በካልሲ ነበር። የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጠ፣ ሁለተኛውን አልረገጠውም፤ በጀርባው ወድቆ ያን ሁሉ የተወለወለ ደረጃ ጋጋጋጋ እያለ እየተንሸራተተ ወርዶ ፖስተኛውን ከእግሩ አጨደው። ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተላተሙ፤ ወለሉ ላይ ተጠላለፉ።

ሽጉጡን ያልመዘዘው እናቴና አሮጊቷ ከፊቱ ስለነበሩ ነው። ይሄን ያወቅኩት ፍርድ ቤት ነው። ያኔ ያየሁት ላኽዳር የአባቴን ደብዳቤ የያዘ ፖስተኛ ሲደበድብ ነው። «ተወው! ደብዳቤዬን! ተወው!» እያልኩ ወርጄ ላኽዳር ጀርባ ላይ ወጣሁ። በቡጢ መታሁት። አልሰማኝም። እጁን ነከስኩት።

«ይቺ ልጅ የማን ወገን ናት?» ሲል ሰማሁት፤ ግን ልጁን አልለቀቀም።

ከዚያ ማዳም ብሩኔ በቤት ጫማቸው ወጡና የወጣቱን እጅ ረግጠው ቆሙ። ከጫማቸው ስር የሆነ ነገር ብልጭ አለ። እናቴ ከወገቤ አፈፍ አድርጋ ወደ አሮጊቷ ቤት አስገባችኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጩኸት፣ የፖሊስ ቦት ጫማ፣ ሳይረን ነው። አሮጊቷ ቆመው ቆመው በመጨረሻ ኩርሲያቸው ላይ ተቀመጡና «አፍንጫውን ግን አስተካክይው» አሏት እናቴን።

ማታ እናቴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገረችኝ። ፖስተኛ አልነበረም። ቦርሳው ውስጥ የነበረው ደብዳቤ ሳይሆን ቢላዋ ነው። ከጓሮ በር ገብቶ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብቋታል። ላኽዳር ክንዱ ላይ የተቆረጠው ጅማት እየተሰፋለት ነው። እሱ ፖሊስ ነው፤ ሥራው እሷን እንዳይነኳት መጠበቅ ነው፤ ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት።

«ሚስት?» አልኩ።

«ሚስት። ምነው?»

«ምንም» አልኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ እጇ ሥራ እንዲይዝላት ብላ ይሁን እንጃ፣ ሳታይ ማጠቢያውን አስነሳችው። ማሽኑ ድም ድም ድም እያለ ቤቱን አናወጠው። አጥፍታ ከፈተችው። ከአንሶላዎቹ መሀል ሁለቱን ጥቁር ጫማዎች ውሃ እያንጠባጠቡ አወጣቻቸው። አንሶላዎቹ በቀለም ዥጉርጉር ብለዋል። ጫማዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ጫማዎቹን አየች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ወስዳ ማሞቂያው ላይ እንዲደርቁ አስቀመጠቻቸው፤ በማግስቱ በከረጢት ይዛ ሆስፒታል ሄደች። ስትመለስ ከረጢቱ የለም፣ ወሬም የለም። አራት ዓመት ሙሉ ስለዚያ ጫማ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አባቴ ከቦርዶ መጣ። ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ፤ እናቴ ጀርባውን ደባበሰችው። መልሰው አብረው ለመኖር ሞከሩ፤ አንድ ዓመት እንኳ አልሞላም። አባቴ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው እንደዚያ መኖር አይችልም፤ እናቴ ደግሞ መሣል አላቆመችም።

ችሎቱ የተሰየመው አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ፣ ፓሪስ ነው። ወጣቱ ያኒስ ይባል ነበር፤ በዚያ ረቡዕ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ ሌላ ከተማ ጎማ ቤት ይሠራ ነበር። አሁን በመስታወት በተከለለ ሳጥን ውስጥ በሁለት ዘቦች መሀል ተቀምጧል። ጠባብ ደረት፣ ትልቅ ጆሮ። ለአራት ዓመት በሕልሜ ሲያባርረኝ የኖረው ግዙፍ ሰው የት እንደሄደ እንጃ።

ዋና ዳኛዋ ድምፃቸው ለስላሳ ሴትዮ ነበሩ። «ሥዕሉን አይተኸዋል?» ብለው ጠየቁት።

«ነግረውኛል።»

«የጠየቅኩህ አይተኸዋል ወይ ነው።»

«አላየሁትም።»

እናቴ ከአጠገቤ እንደተመታች ሁሉ ተንፍሳ ጎበጠች። ልትገደልበት የነበረውን ነገር አላየውም።

እኔን ጠሩኝ። ያየሁትን ተናገርኩ፤ ፖስተኛ የመሰለኝን፣ ላኽዳርን የነከስኩትን። ስለ ጫማው አልተናገርኩም። ማንም አልጠየቀኝም። ተመልሼ እናቴ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ ላኽዳር ቆመ። ከጥበቃ ሥራ አውጥተው ቢሮ አስቀምጠውት ነበር፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። የያኒስ ጠበቃ ቀጭን፣ ቀልጣፋ ሰው ነው። ክርክሩ ላኽዳር የቆሰለው ተንሸራትቶ ቢላዋው ላይ ስለወደቀ ነው፣ ደንበኛዬ ሰው አልወጋም የሚል ነበር።

«የመንግሥት ጠባቂ ነዎት። በካልሲ ነበሩ። ለምን?»

«የጫማዬ ድምፅ የታችኛዋን ወይዘሮ እንቅልፍ ስለሚነሳ አውልቄው ነበር።»

«ደንቡ ይፈቅዳል?»

«አይፈቅድም።»

«ወይዘሮ ኦዲል ሲወጡ ለምን አላጠለቁም?»

ላኽዳር ወደ እኛ አላየም። «ዘገየሁ» አለ።

«ለምን ዘገዩ?»

«በራሴ ጥፋት።»

«እንግዲህ» አለ ጠበቃው ወደ ዳኞቹ ዞሮ፣ «የዚህ ሁሉ ጉዳት ምንጭ የአንድ ሰው ስንፍና መሆኑን...»

መቼ እንደተነሳሁ አላስታውስም። እናቴ ቀሚሴን ስትጎትተኝ ግን ትዝ ይለኛል። «ሰነፍ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ጫማውን እኔ ነኝ የደበቅኩት!»

ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ይገሥጹኛል ብዬ ነበር። «የት ደበቅሽው?» አሉ።

«ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ።»

«ለምን?»

አባቴ ከኋላ ወንበር ላይ አለ። የላኽዳር ሚስት ከፊታችን ወንበር፣ ጋዜጠኞቹ በስተግራ፣ ሁሉም አንገታቸውን አዙረዋል። መዋሸት እችል ነበር፤ ልጅነት ነው ብል ይበቃኝ ነበር። የኔ ቃል በዚያ ክርክር ማንን እንደጠቀመ፣ ማንን እንደጎዳ ዛሬም አላውቅም።

«እናቴን ሊያገባት መስሎኝ ነው» አልኩ።

መጀመሪያ የሳቀችው የላኽዳር ሚስት ናት። ዞር ብላ ባሏን ከላይ እስከ ታች አየችውና «እሱ?» አለች። ከዚያ ጋዜጠኞቹ፣ ከዚያ ዘቦቹ፣ ከዚያ ጠበቃው ራሱ። ላኽዳር በማይታጠፉት ጣቶቹ ግንባሩን ይዞ ከወገቡ ጎንበስ አለ። ዳኛዋ በወረቀት ፊታቸውን ከለሉ። እናቴ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ያ ወጥ ቤት ውስጥ የሰማሁት ሳቅ ነው።

ያኔ ወደ መስታወቱ አየሁ። ያኒስም እየሳቀ ነበር። አፉን በመዳፉ ይዞ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ አስተማሪ ፊት ሳቅ እንዳመለጠው ተማሪ። እናቴም አየችው። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ፤ ለአንድ አፍታ ሁለቱ እየተያዩ፣ ባንድ ነገር ሳቁ።

ከዚያ ልጁ ማንን እያየ እንደሚስቅ የገባው መሰለኝ። ሳቁ መሀል ላይ ተቆረጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። አዳራሹ ቀስ በቀስ ተረጋጋ፣ ዳኛዋ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንቀጥል» አሉ፣ ጠበቃው ወረቀቱን ገለበጠ። ቀጥለው ሌላ ምስክር ጠሩ፣ ከሱም ቀጥሎ ሌላ። ያኒስ እስኪመሽ ድረስ ፊቱን አልገለጠም።